የእኅቴን ልጅ በጉዲፈቻ ለመውሰድ፦ እኛ ሜሪላንድ፣ ልጁ ሽሮ ሜዳ፤ ወረቀቱ ከየት ይጀመራል?

የሽሮ_ሜዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሥራችሁ የሆነ ሰዎች ካላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ታናሽ እኅቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ ስምንት ዓመት ሞልቶት ዘጠነኛውን ይዟል። አባቱ ልጁ ገና በእቅፍ ሳለ በመኪና አደጋ ነው የሞተው። አሁን ልጁ ሽሮ ሜዳ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሰው ጎረቤታችን ናት።

እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ እንኖራለን። ሁለታችንም ግሪን ካርድ አለን፤ ፓስፖርታችን ግን እስካሁን የኢትዮጵያ ነው። እኅቴ በመጨረሻ ጊዜዋ ልጁን አደራ ብላኛለች፤ ባለቤቴም ከእኔ ባልተናነሰ ልቡ ተነሥቷል። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ሁሉንም ነገር ከዚህ ሆነን በውክልና መጨረስ እንችላለን? ያማከርነው ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ዜግነት ውሰዱ፣ ከዚያ ሁሉም ይቀላል» ይለናል፤ የባለቤቴ የዜግነት ማመልከቻ ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በዚህ ሳምንት እንላከው? የአባቱ ሞትስ የትም አልተመዘገበም፤ ይህ ያሰናክለናል?

ብርሃኔ_ቨርጂኒያ

ነፍስ ይማር እኅቴ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔም የሰማሁት እንደዚያው ነው። ወላጅ አልባ ልጅ ለማስመጣት አይ-600 የሚባል ቅጽ አለ፤ እሱን የሚሞላው ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። በግሪን ካርድ አይሆንም። ስለዚህ ዜግነቱን ቶሎ ጨርሱት እላለሁ።

ጠበቃ_ስድስት_ኪሎ

እመቤቴ፣ ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። አዲስ አበባ የቤተሰብ ጉዳይ ነው የምሠራው።

ወይዘሮ ብርሃኔ ስለ ቅጹ ያሉት ትክክል ነው፤ በአሜሪካ በኩል ብቻ ሲታይ። በኢትዮጵያ በኩል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። እገዳው ከሰማይ የወረደ አይደለም። በፈረንጆቹ 2010 ወደ አሜሪካ ብቻ በአንድ ዓመት ከ2,000 በላይ ልጆች ሄደዋል፤ በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ወላጅ ያላቸው ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው የተመዘገቡበት አጋጣሚ ነበር፤ ከሄዱም በኋላ የደረሰባቸው በደል ሀገሩን አስቆጥቷል።

አሁን ይህንን ከዜግነት አዋጁ ጋር ያገናኙት። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ባለቤትዎ ቃለ መሐላውን በፈጸሙበት ቀን በእኛ ሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ይሆናሉ። «እኔ ብቻዬን ኢትዮጵያዊት ሆኜ ላሳድገው» ቢሉም መንገድ አይሰጥዎትም፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ማለት ነው፣ ባለትዳሮች ጉዲፈቻ የሚያደርጉት በጋራ ነው። አንደኛው የሌላኛውን ልጅ ሲያሳድግ የመሰለ ጠባብ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው። ሁለታችሁም ኢትዮጵያዊ ሳላችሁ የጉዲፈቻውን ውሳኔ ከፍርድ ቤት ውሰዱ፤ ዜግነቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ብርሃኔ_ቨርጂኒያ

ይህንን እዚህ ማንም አይነግረንም፤ እግዜር ይስጥልን። ቢጫ ካርዱስ? የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው እንደ ዜጋ አይታይም?

ጠበቃ_ስድስት_ኪሎ

ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን፣ ንብረት ማፍራትን የመሳሰሉ መብቶች ይሰጣል፤ እነዚህም ቀላል አይደሉም። በእርሱ ተማምኖ ግን የጉዲፈቻ መዝገብ እንዲከፍት ደንበኛዬን አልመክርም። ዜግነቱ በእጁ ያለ ሰው ለምን ይጋለጣል?

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሁለቱም ወላጆች የሞት ምስክር ወረቀት ነው። የአባትየው ሞት ጊዜው ቢያልፍም ይመዘገባል፤ የሆስፒታል ወይም የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ካለ ፈልጉት፣ ከሌለ ቀብሩን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ቀጥሎ እናትዎ የልጁ ሞግዚትና አሳዳሪ መሆናቸውን በፍርድ ቤት ያረጋግጡ። ከእናንተ ጋር የጉዲፈቻውን ስምምነት የሚፈራረሙት እሳቸው ናቸውና ያ ውሳኔ ሳይኖር ስምምነቱ መሠረት የለውም። ስምምነቱም በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም። ዳኛው የልጁን ሐሳብ፣ የሞግዚቷን አስተያየትና የእናንተን የማሳደግ አቅም ይመረምራል። ሲያልቅ ጉዲፈቻውን በወሳኝ ኩነት ያስመዘግባሉ፤ ከልደትና ከሞት ጋር በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የሚመዘገብ ኩነት ነው።

ውክልናን በተመለከተ፦ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ክስ ማቅረብና መከራከርን የመሰለ ሥራ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል፤ «ጉዲፈቻን በሚመለከት መዝገብ ለመክፈት፣ ማስረጃ ለማውጣት…» እየተባለ በግልጽ ይጻፍ። ኖተሪ ፊት ከፈረማችሁት የሜሪላንድ አስተዳደር ማኅተም፣ ከዚያ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የእኛ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል። ከእነዚህ አንዱ ማኅተም ቢጎድል ውልና ማስረጃ አይቀበለውም። የደመወዝና የጋብቻ ማስረጃችሁም በዚሁ መንገድ ይጓዛል። በውክልና መዝገቡ ይከፈታል፣ ወረቀቱ ይሰበሰባል፤ ለመሰማት ግን ሁለታችሁም ብትመጡ እመርጣለሁ። ዳኛ ልጅ የሚሰጠውን ሰው ፊቱን ማየት ይፈልጋል፤ ተገቢም ነው።

መላ_አለው

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ልጁን አንቺ እንደወለድሽው አድርገሽ የልደት ወረቀት አስወጪለት። እኅትሽም አንቺም አንድ አባት ነው ያላችሁ፤ ማን ያውቃል? የሚያስጨርስ ሰው አውቃለሁ።

የሁለት_ዓመቱ_አባት

እባክህ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰው አፍራሽ ነው። ቆንስላው ጥርጣሬ ካደረበት የዘረመል ምርመራ እንዲደረግ ያሳስባል፤ አክስት ደግሞ በምርመራ እናት ሆና አትወጣም። ለቪዛ ሐሰት ያቀረበ ሰው ከአሜሪካ ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል፤ የእርስዋም ግሪን ካርድ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ያቺ የሞተች እናት ከገዛ ልጇ ወረቀት ላይ ትሰረዝ እያልክ ነው። እንዴት ይባላል ይህ?

እኅቴ፣ እኔ የሟች ወንድሜን ሴት ልጅ ነው ያሳደግሁት። አትላንታ ነበርኩ፤ አሁንም እዚያው ነን፣ ልጅቷም አብራን ናት። ጠበቃው ያሉት የኢትዮጵያው ግማሽ ነው፤ የአሜሪካውን ግማሽ እኔ ልንገርሽ።

አይ-600ን እርሺው። ኢትዮጵያ ለውጭ ዜጋ በሩን ስለዘጋች ብቻ አይደለም፤ ከሐምሌ 2014 በፈረንጆቹ ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ያ መንገድ ዕውቅና ያለው የጉዲፈቻ ድርጅት ይጠይቃል። ላንቺ የሚሆነው የቤተሰብ ማመልከቻው፣ አይ-130 ነው። ይህኛውን ዜጋም ግሪን ካርድ ያለውም ያስገባል። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መጽደቅ፣ ሁለት ዓመት ሕጋዊ የማሳደግ ኃላፊነት፣ ሁለት ዓመት ደግሞ አብሮ መኖር። ሁለቱ ዓመታት የግድ ያልተቋረጡ መሆን የለባቸውም፤ ተደምረው ይቆጠራሉ። ገንዘብ መላክ፣ በስልክ ማውራት፣ ክረምት ክረምት መጠየቅ ግን አብሮ መኖር አይባልም። አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ነው።

ሰው ሁሉ የሚሸሸው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ከእናንተ አንዳችሁ ሥራ ትታችሁ አዲስ አበባ መግባት አለባችሁ ማለት ነው። እኛ ቤት ባለቤቴ ሥራዋን ይዛ ቀረች፣ እኔ ሄድኩ። ማስረጃውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠራቅሜያለሁ፦ በስሜ የተፈረመ የቤት ኪራይ ውል፣ ትምህርት ቤቱ «ወላጅ» ብሎ እኔን የመዘገበበት ደብዳቤና የክፍያ ደረሰኝ፣ እኔ ይዣት የሄድኩበት የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የፓስፖርቴ የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞች። የወላጅ ስብሰባ ላይ የፈረምኩበትን ወረቀት ሳይቀር ፎቶ ኮፒ አድርጌ አስገብቻለሁ። ማመልከቻውን ያስገባሁትም እኔው ነኝ፤ አብሮ የኖረው አመልካች ቢሆን ጥያቄ ይቀንሳል።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ የገንዘብ ዋስትናው ቅጽ አይ-864 አመልካቹ መኖሪያው አሜሪካ መሆኑን ይጠይቃል። አንቺ ደግሞ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ነሽ። ባልሽ እዚያ መኖሩ፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ውል፣ የግብር ወረቀት ይረዱሻል፤ ልጁ ከሚገባበት ቀን ሳታልፊ ተመልሰሽ ለመኖር ማሰብሽን ታሳያለሽ።

የሽሮ_ሜዳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መላ አለኝ ላልከው ወንድሜ፦ አይሆንም። እኅቴን አላጠፋትም።

የሁለት ዓመቱ አባት፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። በግሪን ካርድ ሁለት ዓመት ኢትዮጵያ ብቀመጥ ካርዱን አላጣም?

የሁለት_ዓመቱ_አባት

አጣዋለሁ ብለሽ መፍራትሽ ልክ ነው። የመመለሻ ፈቃድ የሚባል አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ሆነሽ ታመለክቻለሽ፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ካርዱን ያቆይልሻል፤ ለዜግነት የምትቆጥሪውን ጊዜ ግን አያድንልሽም። ከአንድ ዓመት በላይ ከወጣሽ ቆጠራው ይቋረጣል። በግሪን ካርድ የሚገባ ማመልከቻ ደግሞ የቪዛ ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል፤ የዜጋ ልጅ ወረፋ የለውም።

ስለዚህ የጠበቃውን ቅደም ተከተል አንድ እርምጃ ልግፋው። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከወጣ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሽና አንቺም ባልሽም ዜግነቱን ውሰዱ። ቢጫ ካርድ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ያለ ቪዛ ጣጣ ገብተሽ ከልጁ ጋር ትኖሪያለሽ፣ የምታጪው ግሪን ካርድም የለም። ከውሳኔው ቀን ጀምሮ ሕጋዊ ኃላፊነትሽ ይቆጠራል፤ አብሮ የመኖሩ ሁለት ዓመት ግን ሄደሽ አብረሽው ስትሆኚ ነው። ልጁ 18 ሳይሞላው የዜጋ ልጅ ሆኖ በቪዛ ገብቶ ከእናንተ ጋር ሲኖር፣ በፈረንጆቹ 2000 በወጣው የሕፃናት ዜግነት ሕግ መሠረት ራሱም ያለ ሌላ ሥርዓት ዜጋ ይሆናል።

ቶሮንቶ_ነዋሪ

ካናዳ ላሉ አንባቢዎች ብቻ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ አሜሪካ የሌለ በር አለ። ወላጆቹ ሁለቱም የሞቱበት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ፣ ያለ ጉዲፈቻም በቤተሰብ ስፖንሰር መምጣት ይችላል። እናትና አባት ሁለቱም መሞታቸው በሰነድ መረጋገጥ አለበት፤ አንዱ የጠፋ፣ የታሰረ ወይም ጥሎ የሄደ ከሆነ አይቀበሉም። እኛ ዘንድ ሥራው ሁሉ የወደቀው የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ነበር።

ሕይወት_ባርሴሎና

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፤ በልጅነቴ በጉዲፈቻ ወደ ስፔን የሄድኩ ልጅ ነኝ። አማርኛዬን ካደግሁ በኋላ ነው መልሼ የተማርኩት፤ ግድፈት ካለው ይቅርታ።

በእኔ ወረቀት ላይ «እናት፦ የሞተች» ይላል። እናቴ በሕይወት አለች። ማን እንደጻፈው አሁን ማወቅ አልቻልኩም፤ ያስጨረሰው ድርጅት ተዘግቷል። ያሳደጉኝ ሰዎች ደግና ሐቀኛ ናቸው፤ የተሰጣቸውን ወረቀት አምነው ነው። እናቴን ፈልጌ ሳገኛት መጀመሪያ ያሳየኋት ያንን ወረቀት ነው። ማንበብ አትችልም፤ አጎቴ አነበበላት። እስካሁን አልተሻገርነውም።

ስለዚህ እትዬ፣ ልለምንዎት። የእኅትዎን የሞት ምስክር፣ የልጁን የመጀመሪያ የልደት ወረቀት፣ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር፣ የእናትዎን ቃል በጽሑፍ፣ ሁሉንም በሁለት ቅጂ ያስቀምጡለት። አንዱ አዲስ አበባ ይቅር። የአባቱ ዘመዶችም ቢሆኑ ስማቸውና ያሉበት ይጻፍ፤ ልጁ አንድ ቀን ይጠይቃል። ጉዲፈቻው አዲስ የልደት ወረቀት ካስገኘ አሮጌውን አይጣሉ።

አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ልጁን ጠይቃችሁታል?

ጠበቃ_ስድስት_ኪሎ

ሕይወት፣ ግድፈት የለብሽም። ያልሽውን ሕጉም ይደግፋል፤ በእኛ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ ልጁን ከተወለደበት ቤተሰብ አይቆርጠውም፣ ዝምድናው ይቀጥላል። ልጁንም ዳኛው ይጠይቀዋል፤ ቤተሰቡ ቀድሞ ቢያነጋግረው ግን ችሎት ላይ አይደናገጥም።

የሽሮ_ሜዳዋ

ሕይወት፣ ያልሽውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቅጂዎቹን ከዛሬ ጀምሮ እናዘጋጃለን፤ የእኅቴንም ፎቶግራፎች ጨምሬ።

ልጁን አነጋግረነዋል፤ ትናንት እንደገና በቪዲዮ ደወልን። «እዚያ ኳስ ሜዳ አለ?» አለ፣ ከዚያ «እማማስ መቼ ነው የምትመጣው?» አለ። እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም መልሱን ከእኔ ጠበቀች። ምን ልበላቸው? እናቴን ትቶ ይመጣል ብዬ አላስብም፤ እሷም ያለ እሱ የምትውል አይመስለኝም።

የባለቤቴን ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ አስገብተነዋል፤ ውሳኔው እስኪወጣ አይላክም። ሌላ ያየሁት ነገር፣ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ጥር 5 ቀን 2008 እና ጃንዋሪ 14 ቀን 2016 ይላል፤ በክትባት ካርዱ ላይ ግን ጃንዋሪ 13 ነው። የቱ ነው የተሳሳተው?

የሁለት_ዓመቱ_አባት

የልደት ወረቀቱ ልክ ነው። 2007 ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና የዋለችበት ዓመት ስለሆነ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2008 እስከ የካቲት 21 ያለው ጊዜ ከተለመደው ስሌት በአንድ ቀን ይገፋል። በልማድ ጥር 5 ጃንዋሪ 13 ነው፤ በዚያ ዓመት ግን 14 ነው። ብዙ ጸሐፊ ይህንን ሳያይ በጭንቅላቱ ያሰላዋል። ፓስፖርቱ ሲወጣ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሲተረጎም፣ የቪዛው ቅጽ ሲሞላ 14ን ብቻ ተጠቀሙ። የክትባት ካርዱን ጤና ጣቢያው በማኅተም እንዲያርመው አድርጉ፤ አሁን አንድ ቀን ነው፣ ቆንስላ ፊት ሲደርስ ግን «ሁለት ልጆች ናቸው ወይ?» ወደሚል ጥያቄ ይለወጣል። የአያቱም ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይጻፍ።

ጠበቃ_ስድስት_ኪሎ

ስለ እናትዎ፦ ይህን የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያረጋግጥልዎት እንጂ እኔም የማውቀውን ልንገርዎት። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ለወላጁ በራሱ ማመልከት ይችላል፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ለወላጅ ማመልከት አይችልም። ልጁ በእናትዎ ማመልከቻ ላይ ተደርቦ መግባት አይችልም፣ እሳቸውም በእሱ ላይ። ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ናቸው። ነገር ግን ከውሳኔው በኋላ ዜግነቱን ከወሰዱና አዲስ አበባ ከልጁ ጋር እየኖሩ ሁለቱን ዓመታት ከቆጠሩ፣ የእናትዎን ጉዳይ በዚያው ጊዜ ውስጥ ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ። የእናትነቱን ማስረጃ፣ ማለትም የእርስዎን የልደት ምስክር ወረቀት፣ አሁኑኑ ያውጡ፤ ለእናትዎ ማመልከቻ ያስፈልጋል።

የሽሮ_ሜዳዋ

የእኔ የልደት ምስክር ወረቀት የለኝም፤ በዘመናችን ማን ያወጣ ነበር። የጥምቀት ወረቀቴ ግን እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ነገ ጠዋት እደውልላታለሁ፤ የእኔን ልደትና የአማቼን ሞት በአንድ ቀን ወረዳ ወስዶ የሚጠይቅልን የአጎቴ ልጅ አለ። ልዩ ውክልናውን ሰኞ ኖተሪ ዘንድ እንፈርማለን። ጠበቃ፣ የጽሑፉን ረቂቅ በግል መልእክት ብልክልዎ ያዩልኛል?

ጠበቃ_ስድስት_ኪሎ

ይላኩልኝ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን፤ አንዴ ማኅተም ካረፈበት በኋላ አንድ ቃል ለማረም ያንን ሰንሰለት ሁሉ እንደገና መዞር ነው።